ባርዶሊኖ፦ ሐይቅ ዳር የሚጠመቅ ቀይ ወይን

ቀይ ወይን ለሥጋ፣ ነጭ ወይን ለዓሣ ይባላል። በሰሜን ጣሊያን፣ በጋርዳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለችው የባርዶሊኖ ከተማ ግን ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ሲቀርብ ቀይ ወይን ቢቀዳለት ማንም አይገረምም። ወይኑም በከተማዋ ስም ባርዶሊኖ ይባላል። ቀለሙ ፈካ፣ ጣዕሙ ቀለል ያለ ነው፤ ቼሪና እንጆሪ ይሸታል፣ አፍ አያደርቅም። ይህን ቅለት እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ውበቱ ይኸው ነው፤ ያገኘውም ከሐይቁና ከአጠማመቁ ነው።

በጥንቱ የበረዶ ዘመን ከአልፕስ ተራሮች እየተንሸራተተ የወረደ ግዙፍ በረዶ ሐይቁ የተኛበትን ገንዳ ቦረቦረ። እየገፋ ያመጣውን ጠጠርና አሸዋ ዳር ዳሩን ከምሮ ቀለጠ። የባርዶሊኖ የወይን ማሳዎች ያሉት በእነዚያ ክምሮች፣ ማለትም በዛሬዎቹ ዝቅተኛ ኮረብቶች ላይ ነው። ጠጠራማው አፈር ውሃ ስለማያቁር የወይኑ ሥር አይታፈንም።

ጋርዳ የጣሊያን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 346 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። በዚህ ምክንያት ብርዱም ሙቀቱም ይለዝባል፤ ለአልፕስ ግርጌ በቀረበ አገር ወይራና ሎሚ የሚበቅለውም ለዚህ ነው።

የወይኑ ዋና ፍሬ ኮርቪና ነው፤ ስሙ ከጥቁረቱ የተነሳ ከቁራ እንደተወሰደ ይነገራል። ሮንዲኔላ ታግዘዋለች። ሞሊናራ የምትባል ሌላ ፍሬም አለች፤ ልጣጯ ዱቄት የተነሰነሰበት ስለሚመስል በወፍጮ ቤት ተሰይማለች። የሚገርመው፣ በአጎራባቹ ቫልፖሊቼላ ኮርቪናና ሮንዲኔላ ከተለቀሙ በኋላ ለወራት በመደርደሪያ ላይ ጠውልገው ይጨመቃሉ፤ የሚወጣውም አማሮኔ የተባለው ጠንካራ ወይን ነው። ባርዶሊኖ ግን ከትኩስ ፍሬ ይጠመቃል፤ ጭማቂውም ከልጣጩ ጋር ብዙ አይቆይም። ቀለሙ የፈካው፣ አፍ የሚያደርቀው ባሕርይም ያነሰው ለዚህ ነው።

በከተማዋ ከሚገኙት ጠማቂዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1870 ሥራ የጀመረው የዜኒ ቤተሰብ ነው። ሐይቁን ቁልቁል ከሚያየው መጥመቂያው ጎን የወይን ሙዚየም አለ። መጭመቂያው፣ በርሜሉ፣ የገበሬው መሣሪያ እዚያ ተሰብስቧል። እነዚህን ዕቃዎች ያየ ሰው ቀላል የሚባለው ወይን የስንት ትውልድ ድካም እንዳለበት ይረዳል።

የጣሊያን ሕግ ባርዶሊኖን እ.ኤ.አ. በ1968 በትውልድ ቦታው ስም የሚጠበቅ ወይን አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቆየው ሱፔሪዮሬ የተባለው ዓይነት ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። ተራው ባርዶሊኖ ግን ዕድሜ አይለምንም። ወይን ሁሉ ሲከርም ይጣፍጣል ብሎ ጓዳ የሚቆልፍበት ሰው የፍሬውን መዓዛ ያጣል። ወይኑ ገና ልጅ ሳለ፣ በረድ ተደርጎ፣ ከሰው ጋር ሲጠጣ ነው ሐይቁ የሰጠውን ሁሉ የሚሰጠው።