ዶክትሬት በሳንቃበር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ኮሶዬ ላይ ወርዶ ቆላውን ቁልቁል ያያል። ዕድል ከቀናው አፋፉ ላይ ሣር የሚነጭ የጭላዳ መንጋም ያገኛል። አብዛኛው ፎቶ አንስቶ ይቀጥላል። ከስድሳ ዓመት ወዲህ ግን በዚሁ መንገድ ዳባትን አልፈው ደባርቅ የገቡ ጥቂት የውጭ አገር ወጣቶች የመጡት ለጉብኝት አልነበረም። የተመዘገቡት አውሮፓ ወይም አሜሪካ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዶክትሬት ሥራቸው ያለው ግን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሳንቃበር ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ክሩክ የሰሜንን ጭላዳ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ተማሪው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳንቃበር ሰፍሮ ለብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ሠራ። ዛሬ ደንባር በዓለም የሚታወቀው አንድ ሰው በቅጡ ሊይዘው የሚችለው ዝምድና ከ150 ሰው ብዙም አይዘልም በሚለው ሐሳቡ ነው። ስለ ማኅበራዊ ኑሮ መጠየቅን የተማረው ከእኛው ጭላዳዎች መሆኑን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስዊሱ ሃንስ ሁርኒም በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ እየሠራ ተራራውን አጥንቷል።

አሁን ያለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የሰሜን ተራሮች የጭላዳ ምርምር ፕሮጀክት ነው። የመሠረቱት የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን ናቸው፤ የዶክትሬት ተማሪዎችም በየተራ ይመጡበታል። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፦ ጠዋት መንጋውን ማግኘት፣ በእግር መከተል፣ ማን ማንን እንዳከከ፣ ማን ማንን እንዳባረረ መጻፍ፣ ሆርሞን የሚመረመርበትን ዓይነ ምድር መሰብሰብ። ችግሩ «ማን» የሚለው ላይ ነው። እያንዳንዱ ጭላዳ በደረቱ ቀይ ምልክት፣ በተቆረጠ ጆሮው፣ በፊቱ ጠባሳ መለየት አለበት። አዲስ ለመጣ ተማሪ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

የውጭ ተማሪ የሚታገዝበት ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማየት በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄዱትን ማሰብ ይጠቅማል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ማስተርካርድ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት የአሥር ዓመት ትብብር የጎንደር መምህራን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ኪንግስተን ከተማ ይሄዳሉ። እዚያ ለውጭ ተማሪዎች ተብሎ የተቋቋመ ማእከል አለ፤ የቪዛ፣ የጤና መድን፣ የአዲስ አገር ኑሮ ጥያቄ ይዞ የሚገባበት በር ይታወቃል። ወደ ሰሜን የሚመጣው ተማሪ እንዲህ ያለ አንድ በር የለውም። የምርምር ፈቃዱን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይጠይቃል፤ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገራል፤ ስንቁን ከደባርቅ ገበያ ይሸምታል። መኪና የማይገባበት ቦታ ሲሆን ጭነቱን በቅሎ ይሸከመዋል፤ ባለበቅሎውም አብሮ ይሄዳል። ጠመንጃ ያነገተው የፓርኩ ስካውት የጭጋጉን ጠባይ ያውቃል፤ ገደሉ የት እንደሚጀምር ሳያይ ይናገራል። አማርኛውንም ቢሆን ከማብሰያው እሳት ዳር ካልሆነ ከየት ያገኘዋል?

ከሁሉም የሚበልጠው እገዛ ግን በፕሮጀክቱ ተቀጥረው መንጋውን የሚከታተሉት የአካባቢው ልጆች ናቸው። ተማሪው ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። መንጋውን ሳያቋርጡ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ ደግሞ ለሳይንሱ ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የዚህ ፕሮጀክት ጥናት አዲስ ወንድ የቀድሞውን አባወራ አባርሮ ቤተሰቡን ሲይዝ ከእርጉዞቹ 80 በመቶ ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፅንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳየ። አዲሱ ወንድ ግልገል የመግደል ልማድ ስላለው፣ የማያድግ ልጅ ተሸክሞ ከመቆየት ቀድሞ ማቋረጡ ለእናቲቱ ይቀላታል የሚል ነው ማብራሪያው። ይህን ለማወቅ የትኛዋ እናት በየትኛው ቤተሰብ እንደነበረች፣ ወንዱ መቼ እንደተለወጠ፣ የማን ዓይነ ምድር በየትኛው ቀን እንደተነሣ ለዓመታት መመዝገብ ነበረበት። አንድ ተማሪ ብቻውን፣ በአንድ የዶክትሬት ዘመን፣ አይችለውም።

እነዚህ ሠራተኞች ስማቸው በብዛት የሚገኘው በጽሑፎቹ መጨረሻ፣ የምስጋና አንቀጽ ውስጥ ነው። ለእኔ ይህ አይበቃም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ቅርብ ነው፤ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ተራራው ሥር ነው። ጭላዳን በመልኩ የሚለይ የደባርቅ ልጅ ቀጣዩን ዶክትሬት በራሱ ስም እንዲጽፍ የመግቢያ መስፈርቱን፣ የእንግሊዝኛውን ድጋፍና የኑሮ ወጪውን ማመቻቸት የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። የመስኩን ትምህርት እሱ አስቀድሞ ጨርሷል።