ሰንጢ ላይ ያለች መጋዝ ስንት ዓመት ትቆያለች?

አትላንታ «ደን ውስጥ ያለች ከተማ» የሚል ቅጽል አላት። ከላይ ሲታይ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መሬቷ በዛፍ የተሸፈነ ነው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ግቢው ሁሉ በፓይንና በኦክ ቅርንጫፍ ይሞላል። ቅርንጫፉ ትልቅ መጋዝ የሚያስፈልገው አይደለም፤ በእጅ የሚሰበርም አይደለም። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ብዙዎቻችሁ መሳቢያ ውስጥ የረሳችሁት የስዊስ ሰንጢ ነው። ባትሪ የለውም፣ አፕዴት አይጠይቅም፤ ግን ንድፉን ቀረብ ብሎ ላየው ኢንጂነር ብዙ የሚያስተምር ዲቫይስ ነው።

ካርል ኤልስነር ኢባክ በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ወርክሾፑን የከፈተው በ1884 ነው። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው ኩባንያ ማለት ነው። ስሙ የእናቱ የቪክቶሪያና የማይዝግ ብረት መጠሪያ የሆነው «ኢኖክስ» ድምር ነው። የሚገርመው፣ የስዊስ ወታደር ይይዘው የነበረው መደበኛ ሰንጢ ለረጅም ዘመን መጋዝ አልነበረውም፤ የተጨመረለት በ2008ቱ ሞዴል ነው። በሲቪል ገበያ ግን መጋዝ ያለው ሞዴል ከዚያ በፊትም ሞልቶ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የብረት ጥንካሬ የሚለካበት ሮክዌል ሲ የሚባል መለኪያ አለ። ሾጣጣ አልማዝ ብረቱ ላይ በ150 ኪሎ ክብደት ይጫንና ምን ያህል እንደሰመጠ ይነበባል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ጠንካራ ነው። ቪክቶሪኖክስ የሚያወጣው መረጃ እንደሚለው ዋናው ምላጭ 56፣ መጋዙ 53፣ የጣሳ መክፈቻው 52፣ ስፕሪንጉ 49 ነው። አንድ ሰንጢ ውስጥ አራት ዓይነት ጥንካሬ አለ ማለት ነው። እንጨት የሚቆርጠው መጋዝ ዳቦ ከሚቆርጠው ምላጭ ለምን ይለሰልሳል? ብረት ሲጠነክር ስለቱን ይዞ ይቆያል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። የመጋዝ ጥርስ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቋጠሮ ሲያገኘው ወይም እጃችሁ ሲያዘነብል ወደ ጎን ይገፋል። 53 ላይ ያለ ጥርስ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይተርፋል። በጣም ጠንካራ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቅርንጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀር ነበር።

የቁጥሩ ሁለተኛ ጥቅም ግን ለኔ የበለጠ ነው። ጥሩ ሞረድ በዚሁ መለኪያ ከ60 በላይ ነው። ስለዚህ ሞረዱ መጋዙን ይበላዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ሊስለው ይችላል።

ብዙዎቹ ዘመናዊ ታጣፊ መጋዞች፣ በተለይ በጃፓን ስልት የተሠሩት፣ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ በቅጽበት ግሎ እንዲጠነክር ይደረጋል። ጫፋቸው ላይ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ካያችሁ እነሱ ናቸው። ስለታቸው ከስዊሱ በጣም ረዝሞ ይቆያል፣ አቆራረጣቸውም ግሩም ነው። የዶለዶሙ ዕለት ግን ሞረድ ላያቸው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነካቸውም፤ ያለው ምርጫ አዲስ ምላጭ መግዛት ብቻ ነው። አትላንታ ለሚኖር ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ ኦንላይን ያዝዛል። ጎንደር ወይም ደሴ ላለ ዘመዳችሁ ስጦታ ልትልኩ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። የዚያን ሞዴል ምላጭ ከየት ያመጣዋል? ሞረድ ግን መርካቶም ሆነ ክፍለ ሀገር ብርቅ አይደለም። ሌዘርማን ሰርጅ በተባለው ሞዴሉ መሃል ላይ ያለውን መንገድ ሞክሯል፤ መጋዙ ወልቆ በተራ የኤሌክትሪክ ጂግሶ ምላጭ ይተካል። ክፍት ስታንዳርድ ማለት ይህ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ክብደቱ ግን ኪስ ይቀዳል።

መጋዙን ቶሎ የሚገድለው እንጨት አይደለም፤ አፈር ነው። ሥር ወይም መሬት ላይ የተጎተተ ግንድ ስትቆርጡ ልጣጩ ውስጥ የተሸጎጠው አሸዋ ጥርሱን ይፈጨዋል። እንደ ወይራ ያለ ደረቅ ጠንካራ እንጨትም ያደክመዋል። የጆርጂያ ፓይን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ሙጫው። ብዙ ሰው ዶለዶመ ብሎ የሚጥለው መጋዝ የዶለዶመ ሳይሆን ሙጫ የለበሰ ነው። አልኮል የነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አዲስ ያደርገዋል።

ሌላው ችግር ከአቅም በላይ መጠየቅ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ባፈር ነው በሉት፦ ሰጋቱራው እዚያ ይጠራቀማል፣ ጥርሱ ከእንጨቱ ሲወጣ ብቻ ይራገፋል። መጋዙ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቅርንጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ጥርሶቹ ወጣ ገባ የሚሉበት በቂ ቦታ አለ። 6 ቢሆን ግን የመሃሎቹ ጥርሶች ከእንጨቱ ወጥተው አያውቁም። ባፈሩ ይሞላል፣ መጋዙ ይነክሳል፣ እናንተም ትታገላላችሁ። ጥርስ የሚሰበረውም ምላጭ የሚጎብጠውም ያኔ ነው። ብዙዎቹ ሰንጢዎች ደግሞ መቆለፊያ ስለሌላቸው፣ ስትገፉ በኃይል ከሆነ ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ጉልበታችሁን ስትስቡ አውሉት።

ሲዶለዱም እንዴት ይታወቃል? መብራት ስር ይዛችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡ። የተሳለ ጫፍ ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ያበራል። ሰጋቱራውም ይናገራል፦ ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዱቄት ከደቀቀ ጊዜው ደርሷል።

ለመሳል ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ቀጭን ባለ ሦስት ጎን ሞረድ ያስፈልጋል። መጋዙን በሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩ፤ ጥርሶቹ ብቻ ብቅ ይበሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የአናጺ መጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የታጠፉ ናቸው፣ የስዊሱ ግን አይደሉም። መንገዱን የሚያሰፋው የጥርሱ በኩል ከጀርባው ወፈር ማለቱ ነው። ስለዚህ ጎኑን በሞረድም በድንጋይም አትንኩት፤ ከሳሳ መጋዙ እንጨት ውስጥ መያዝ ይጀምራል። ፋብሪካው የተወውን ሰያፍ ቦይ ተከተሉ። ወደ ፊት ብቻ ግፉ፣ ስትመለሱ አንሱት። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር፣ ሁለት ወይም ሦስት ግፊት፣ ስጡ። በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ስትጨርሱ መጋዙን አዙራችሁ የቀሩትን ሥሩ። ጥርሶቹ ደቃቅ ናቸው፤ የጀመራችሁበትን በማርከር ካላቀለማችሁ መቁጠሩ ይጠፋችኋል።

ከዚያ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ፍሬ የሚላጥበት ሰንጢ ከሆነ ዘይቱ የሚበላ ይሁን።

ከ2023 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር፣ ሰንጢ ይዛችሁ የምትሄዱ አትጠፉም። የአሜሪካ የአየር ጉዞ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 ትንንሽ ቢላዎችን በእጅ ሻንጣ ሊፈቅድ አስቦ ነበር፤ ተቃውሞ በዛበትና በዚያው ዓመት ተወው። ስለዚህ ሰንጢው ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ሞረዱንም አብራችሁ ክተቱ፤ ስጦታው ያለ ሞረድ ግማሽ ነው።