በብርቱካን ዛፍ ላይ የተገኘው እንግዳ ፍሬ

የብርቱካን ዛፍ ከብርቱካን ሌላ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል? አይችልም። ነገር ግን ያፈራ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

በአንድ መንደር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ገበሬ በጓሯቸው ሦስት የብርቱካን ዛፎች ነበሯቸው። የጨው፣ የጋዝና የልጆች ደብተር መግዣ የሚገኘው ከእነዚህ ዛፎች ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ «ልጄ፣ እስቲ ና እይልኝ፤ ብርቱካኔ ጠባዩን ለውጧል» ብለው ወሰዱኝ። በአንደኛው ዛፍ አናት ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ተከምሯል። በቅጠሉ መካከል ከሽምብራ ጥቂት የሚበልጡ ቀያይ ፍሬዎች አሉ። ከዚያ በላይ ያለው የብርቱካኑ ቅርንጫፍ ደርቋል። ሽማግሌው የጠረጠሩት ጎረቤታቸውን ነው። «መተት አድርጎብኝ ነው እንጂ ብርቱካን እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል እንዴ?» አሉ። ከሰውየው ጋር ሰላምታ አቁመዋል። ዛፉን ከሥሩ ለመቁረጥም መጥረቢያቸውን ስለዋል።

እኔም የከተማ ልጅ ነኝና ነገሩን ወዲያው አላወቅሁትም። «አባባ፣ ከመቆረጡ በፊት ደህና አድርገን እንየው» አልኳቸው።

እንግዳ ፍሬ ሲገኝ መቅመስ አይገባም። ልጆች ቀይ ነገር ሲያዩ ወደ አፋቸው ስለሚሰዱ መከልከል ያስፈልጋል። ወፍ የበላው ሁሉ ለሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ደግሞም ፍሬውን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከየት እንደ ተነሣ ማየት ነው።

ቅጠሉን በጥሰን አሸነው። የብርቱካን ቅጠል ሲታሽ የብርቱካን ሽታ አለው፤ ይህኛው ግን የለውም። የልጅ ልጃቸው ዛፉ ላይ ወጥታ ቅርንጫፉን በእጇ እየተከተለች ወደ ታች መጣች። «እዚህ ጋ አብጧል!» ብላ ጮኸች። እውነትም እንግዳው ተክል ከብርቱካኑ ጋር የተጋጠመበት ቦታ እንደ ጉልበት አብጦ ነበር። በመጨረሻ አንዱን ፍሬ ስጨምቀው አንዲት ዘር ወጣች። ዘሯ በሙጫ የተለወሰች ናት። ከአንዱ ጣቴ ሳላቅቃት ከሌላው ትጣበቃለች፤ ሙጫው እንደ ክር ይሳባል።

ይህን ጊዜ የሽማግሌው ባለቤት ከደጅ ሆነው ሳቁ። «ኧረ ተቀጽላ ነው! ወይራው ላይ ስንት ዘመን ስናየው ኖረን የለም እንዴ?» አሉ። ልክ ነበሩ። እኔ ቅጠል ሳሽ፣ ዘር ስጨምቅ የዋልኩበትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ተቀጽላ ማለት በሌላ ላይ የተጨመረ ማለት ነው። «ቅጽል ስም» የምንለውም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ተቀጽላ መሬት ውስጥ ሥር የለውም። የሚበቅለው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ትናንሽ ወፎች ፍሬውን ይበላሉ። ዘሩ ግን አይፈጭላቸውም። አንዳንዶቹ ከአፋቸው መልሰው ይተፉታል፤ ሌሎቹ ከኩሳቸው ጋር ያወጡታል። ሙጫው ስለሚያስቸግራቸው ምንቃራቸውን ወይም ጭራቸውን ከቅርንጫፍ ጋር ያሻሻሉ። ዘሩ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ይበቅላልም። ከዚያ መጥባያውን በቅርፊቱ ውስጥ አሳልፎ እስከ እንጨቱ ይሰዳል። ብርቱካኑ ከመሬት የሳበውን ውሃና ማዕድን ከመንገድ ይቀማል። የራሱ አረንጓዴ ቅጠል ስላለው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል እንጂ ሁሉን ነገር ከዛፉ አይወስድም። ቢሆንም ከእሱ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ውሃ እያጠረው ይደርቃል። ሲበዛም ዛፉ በሙሉ ይደክማል፣ ምርቱም ይቀንሳል።

ስለዚህ ዘሩን ያመጣው ጎረቤት ሳይሆን ወፍ ነው።

ዛፉን ከሥሩ መቁረጥ አያስፈልግም። ተቀጽላውን ብቻ መገንጠልም አይበቃም፤ መጥባያው እንጨቱ ውስጥ ስለቀረ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ከእብጠቱ ወደ ግንዱ በኩል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል፣ ማለት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ቅርንጫፉን በመጋዝ መቁረጥ ነው። ፍሬው ሳይበስል ቢደረግ ይሻላል፤ ከበሰለ ወፎቹ ይቀድማሉ። በበጋ ቅጠሉን በሚያራግፍ እንደ ኮክ ባለ ዛፍ ላይ ተቀጽላው ብቻውን ለምልሞ ስለሚታይ ለመለየት ቀላል ነው። የተቆረጠውን ፍየል ትበላዋለች። በጫካ ያለውን ሁሉ ግን እናጥፋ አልልም፤ ከአበባው የሚቀስሙ ንቦችና ወፎች አሉ።

በዛፍ ላይ ሆኖ ፍሬ የሚመስል፣ ግን ፍሬ ያልሆነም አለ። በቦረና በሚበቅል አንድ ዓይነት ግራር ላይ ጠቆር ያለ ኳስ መሰል ነገር ይታያል። ይህ ያበጠ የእሾህ መነሻ ነው። ቢከፈት ውስጡ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

በመንደሩ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለበትን ትንሽ ቅርንጫፍ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርጎ ማድረቅ ነው። እንዲህ የደረቁ ዕፅዋት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊው የዕፅዋት ማኅደር ውስጥ ተቀምጠዋል። ዐዋቂዎች እንግዳውን ከእነሱ ጋር እያስተያዩ ስሙን ይለያሉ። የት፣ መቼና በምን ዛፍ ላይ እንደ ተገኘ ያልተጻፈበት ቅርንጫፍ ግን ብዙም አይጠቅማቸውም።

ሽማግሌው በዚያው ቀን መጋዝ ሊዋሱ ሄዱ። መጋዝ ያለው ያ ጎረቤታቸው ነበር። ሁለቱም ተያይዘው መጡ። እኛ ቅርንጫፏን በጋዜጣ ስናስተኛ የልጅ ልጃቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈች፦ «ተቀጽላ። ፍሬው ቀይ። በብርቱካን ላይ የተገኘ። ኅዳር፣ ከአያቴ ጓሮ።»