አልከፈት ያለ ጓጉንቸር፦ ተረትና እውነታ

ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ የጎተራን፣ የሱቅንና የቆርቆሮ በርን የሚጠብቀው ጓጉንቸር ዝናብ፣ ጉምና ውርጭ እየተፈራረቁበት ውጭ ተንጠልጥሎ የሚኖር በመሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለባለቤቱ አልከፈት ማለቱ የተለመደ ነው። ስለ ምክንያቱና ስለ መፍትሔው የሚነገረው ብዙ ነገር ግን ከዕቃው አሠራር ጋር አይስማማም፤ ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ «ለባለቤቱ ያስቸገረ ቁልፍ ለሌባማ ጨርሶ አይበገርም» የሚለው እምነት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሊጠግነው ወይም ሊለውጠው የሚገባውን ጓጉንቸር ተማምኖበት እንዲተኛ ያደርጋል።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው ጥርሳም መክፈቻ ያለው ጓጉንቸር ባብዛኛው የሚሠራው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ታናሹ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስመዘገበው ስልት ነው። መክፈቻው የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው ክብ ክፍል፣ እዚህ እምብርት የሚባለው፣ በጓጉንቸሩ አካል ውስጥ ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ከአካሉ ወደ እምብርቱ የሚዘልቁ ትናንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ተደራራቢ ፒኖችንና እነርሱን ወደ እምብርቱ የሚገፋ አንድ ቀጭን ሞላ ይይዛሉ። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ የሁለቱን ፒኖች መገናኛ ልክ በእምብርቱና በአካሉ ወሰን ላይ ያደርሱታል፤ ያን ጊዜ እምብርቱን የሚያግድ ነገር ስለማይኖር ይዞራል። አንዱን መክፈቻ ከሌላው የሚለየው የጥርስ ከፍታ ብዙውን ጊዜ የሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ብቻ በመሆኑ፣ በፒኖቹ ሥር የተጠራቀመ ትንሽ ዝገትና አቧራ ትክክለኛውን መክፈቻ እንኳ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ የዛገ ጓጉንቸር በቀዳዳው በኩል በረቂቅ መሣሪያ ሊከፍተው ለሚሞክር ሰው ጭምር አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የገጠር ሱቅና ጎተራ የሚሰበረው ባብዛኛው በዚህ ዓይነት ጥበብ ሳይሆን፣ በበሩ ላይ የተመታውን ማንጠልጠያ በብረት በመፈልቀቅ ወይም በማንጠልጠያው ውስጥ የሚያልፈውን ቅስት ብረት በመቁረጥ ነው፤ ፒኖቹን ያጣበቀው ዝገት ደግሞ እነዚህኑ ክፍሎች እየበላ ያሳሳቸዋል። በሌላ በኩል በእርጅና የተፋቀ ፒንና የሰፋ ክፍተት ያለው ጓጉንቸር፣ ልኩ ተቀራራቢ በሆነ የባዕድ መክፈቻም ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጓጉንቸር ለባለቤቱ አስቸጋሪ፣ ለሌባ ደግሞ ቀላል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

«ሌባ ነካክቶት ነው እንጂ ትናንት ደኅና ነበር» የሚለው ጥርጣሬ ግን ታሪካዊ መሠረት አለው። እንግሊዛዊው ጄረማያ ቸብ በ1818 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ቁልፍ፣ በውስጡ ካሉት ስስ ብረቶች አንዱ በባዕድ መሣሪያ ከልኩ በላይ ሲነሣ ራሱን ያግድ ነበር፤ ባለቤቱም መክፈቻውን ሲያስገባ እምቢ ስለሚለው የተነካካ መሆኑን ያውቃል፣ ለዚሁ በተሠራ ልዩ መክፈቻም እንደገና ያስተካክለዋል። ይሁን እንጂ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ወቅት አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ይህንኑ ዓይነት ቁልፍ ያለ መክፈቻው ሲከፍት፣ እገዳው ራሱ የትኛው ብረት ከልኩ እንዳለፈ እየጠቆመ ረድቶታል። ተራ ጓጉንቸር ይህ ዓይነት ትውስታ የለውም፤ መሣሪያው ሲወጣ ሞላዎቹ ፒኖቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። የመነካካት ምልክት የሚፈለገው በመክፈቻው ቀዳዳ ዙሪያ ባለ አዲስ ጭረት ወይም በውስጡ በቀረ የብረት ስባሪ እንጂ በመክበዱ አይደለም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ጓጉንቸሩ አልዞር ሲል፣ ብርዱ ብረቱን አኮማትሮት ነው ይባላል። ናስ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ሲሰላ ነገሩ ይለወጣል፦ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የናስ እምብርት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ የሚቀንሰው የሚሊሜትር 5 ሺኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሚከበው አካልም ናስ ከሆነ አብሮት ስለሚኮማተር በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንዳለ ይቆያል ማለት ይቻላል። እውነተኞቹ ተጠያቂዎች ቀን ገብቶ ሌሊት የረጋ ውኃ፣ ማለትም ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ሰፍቶ ፒኖቹን የሚይዝ በረዶ፣ እንዲሁም በብርድ የሚጠጥር አሮጌ ግሪስ ናቸው። በላዩ የፈላ ውኃ ማፍሰስ በረዶውን ለጊዜው ቢያቀልጥም ለሚቀጥለው ሌሊት ሌላ ውኃ ይጨምርበታል፤ በእሳት መለብለብ ደግሞ የሞላዎቹን ጥንካሬ ሊያጠፋ ይችላል።

በጥገና ረገድ ከሁሉም የከፋ ስህተት የሚሠራው በቅባት ላይ ነው። በቤት ውስጥ ቶሎ የሚገኘው የኑግ ዘይት በመጀመሪያው ቀን ጓጉንቸሩን ያለሰልሰዋል፤ ሆኖም የኑግ ዘይት፣ ከእርሱም ይበልጥ የተልባ ዘይት፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት የሚለወጥ በመሆኑ (የተልባ ዘይት ለቀለም መሥሪያ የሚያገለግለውም በዚሁ ጠባዩ ነው) ከወራት በኋላ ፒኖቹን ከአቧራው ጋር ያጣብቃቸዋል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ይዞ ይገባል። ላምባ ቆሻሻን በማጠብ ረገድ ጥሩ ነው፤ ግን ተንኖ ስለሚያልቅ ለማለስለስ ብቻውን አይበቃም። የእርሳስ ግራፋይት ለደረቅ ቦታ ተስማሚ ማለስለሻ ቢሆንም፣ እርጥበት ባለበት ከናስ ጋር ሲነካካ ዝገትን ያፋጥናል፤ በዘይት ላይ ከተጨመረ ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ለደጋው አየር የሚመረጠው፣ ጓጉንቸሩን በላምባ ደጋግሞ አጥቦ በፀሐይ ካደረቁ በኋላ ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመክፈቻው ቀዳዳና በቅስቱ ብረት መግቢያ ማንጠብጠብ፣ ከዚያም መክፈቻውን እየጠረጉ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ነው።

ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ተቀምጦ የኖረው ሁለተኛ መክፈቻ ያለችግር ከከፈተ፣ የታመመው ጓጉንቸሩ ሳይሆን በአገልግሎት የተፋቀው መክፈቻ ነው፤ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ መሄድ ያለበትም ያልተፋቀው ነው፣ ምክንያቱም ከተፋቀ መክፈቻ የተቀረጸ ቅጂ የመፋቁን ልክ ጭምር ይወርሳል። ጓጉንቸሩ ከበሩ ወርዶ በእጅ ላይ ሲሞከር በቀላሉ እየተከፈተ በበሩ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በሩ ነው፦ በክረምት ያበጠ እንጨት ወይም ከማጠፊያው የዘመመ ቆርቆሮ ማንጠልጠያውን ሲስበው፣ ቅስቱ ብረት በውስጥ ያለውን መያዣ ምላስ ጭኖ ይይዘዋል። እዚህ ላይ መክፈቻውን በፒንሳ ጨብጦ ማስገደድ የሚያተርፈው በቀዳዳው ውስጥ የተሰበረ ግማሽ መክፈቻ ነው፤ በሩን በትከሻ ገፋ አድርጎ ጭነቱን ካነሱለት በኋላ ማዞር ይበቃል፣ ዘላቂው ጥገናም የሚደረገው በማጠፊያው ላይ ነው።

ጓጉንቸርን በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ከዝናብ ያድነዋል የሚለው እምነትም እንደዚሁ ስህተት ነው። የታሰረው ፌስታል የዝናቡን ጠብታ ቢከለክልም በሌሊት ቅዝቃዜ በውስጡ የሚፈጠረውን ጤዛ አፍኖ ስለሚይዝ ብረቱ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ከላይ በኩል በሩ ላይ የተመታ፣ ጓጉንቸሩን የሚሸፍንና ከታች ክፍት የሆነ የጎማ ቁራጭ ግን ዝናቡን እያንሸራተተ አየሩን ያሳልፋል፤ የመክፈቻው ቀዳዳ ወደ ታች እንዲመለከት ተደርጎ ከተንጠለጠለም ወደ ውስጥ የዘለቀው ውኃ በዚያው ይወርዳል።