ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ወደ ፕሬዚዳንትነት

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ «ይኼ ሴናተር ፕሬዚዳንት ይሆን ይሆን?» የሚለው ወሬ እዚህ ቁይ ከተማም ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ከሴናተርነት ወንበራቸው በቀጥታ ለፕሬዚዳንትነት የተመረጡት ሃርዲንግ፣ ኬኔዲና ኦባማ ብቻ ናቸው። ጥያቄውን እስቲ ወደ እኛ እናምጣው፦ አንድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባልስ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የመሆን ዕድል አለው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 አይከለክለውም፤ ከተመረጠ የምክር ቤት ወንበሩን ይለቃል፣ በቃ። ዕጩውን የሚያቀርበው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። ስለዚህ ሰውየው በአገሩ ቢወደድ፣ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ብቻውን አያደርሰውም። ቁልፉ ያለው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫውን በያዘው ፓርቲ እጅ ነው።

የእስካሁኖቹን እንይ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሚኒስትር ነበሩ፤ በመጨረሻ ከፓርቲያቸው ጋር ተለያዩ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ በ1994 ዓ.ም. የተመረጡት አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግል ተወዳድረው የተወካዮች ምክር ቤት የገቡ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አዛውንት ነበሩ። ገዢው ፓርቲ የፈለገው ከማንም ጋር የማይጋጭ ሰው ይመስለኛል። ለጥያቄያችን የሚቀርቡት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ናቸው፤ በ1990ዎቹ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። በ2006 ሲመረጡ ግን የመጡት ከቱርክ አምባሳደርነት ነው። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ከተባበሩት መንግሥታት፣ አቶ ታዬ አጽቀሥላሴ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት መጡ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱም ዲፕሎማቶች ናቸው፤ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል ከሥራዎቹ አንዱ ለሆነ ወንበር ይህ አያስደንቅም። ስለዚህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ብቻ የሆነን ሰው ዕድል ጠባብ እለዋለሁ፤ ኤምባሲ የሠራ ከሆነ ግን ስሙን ያዙት።

ቀኑንም ልብ በሉ። የተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ አቶ ግርማም፣ ዶክተር ሙላቱም፣ አቶ ታዬም የተመረጡት በዚያው ሰኞ ነው። አቶ ታዬ መስከረም 27 ቀን 2017 ተመርጠው ወዲያው የመክፈቻውን ንግግር አደረጉ። የፕሬዚዳንቱ ዘመን ስድስት ዓመት ነውና የሚቀጥለው ምርጫ በ2023 ይመጣል። አቶ ታዬን የመረጠው የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ከዚያ በፊት ያበቃል፤ ያኔ ዕጩ የሚያቀርበው የሚቀጥለው ነው፣ ቁይም ለእሱ እንደራሴዋን የምትልከው በቀጥታ በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው።