በራችንን የሚያንኳኳው መጠይቅ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

ዛሬ የማነሣው ርዕስ ሲሰሙት የሩቅ ይመስላል፤ ጥናትና ምርምር። ነገር ግን በየቤታችን የሚገባ ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ወይም አንዲት ወጣት ወረቀት፣ አሁን አሁን ደግሞ ታብሌት ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ። «ስንት ቤተሰብ አላችሁ? የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው? ባለፈው ዓመት በቤታችሁ የሞተ ሰው ነበር?» ይላሉ። እኛ መርካቶዎች ምን እናደርጋለን? ገሚሳችን «አባወራው የለም» እንላለን፤ አባወራው ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እየጠጣ። ገሚሳችን ሰባቱን ልጆች አራት እናደርጋቸዋለን። ግብር ይመጣብናል፣ ቀበሌ ይሰማብናል ብለን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ መልስ ላይ ምን እንደሚሠራበት የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ምርምር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው። እሱም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ላቦራቶሪው፣ ሚዛኑና የዓመታት ልፋቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንትም ያውቁታል። እሳቸው የጨመሩበት አስተውሎ ማየትን፣ መጠየቅንና «እውነት እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ መልሶ መፈተንን ነው።

ሰው ሲጠና ግን አንድ ሌላ ችግር ይመጣል። ቀንድ አውጣ አይዋሽም፤ ሰው ይዋሻል።

ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ምሳሌ ቡታጅራ ነው። ከመካከላችን ስንቱ ነው ለዒድ ወደዚያ አገር ቤት የሚገባው? ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በዚያ ወረዳ የጤና ጥናት ጀመረ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቆ ሄደ፣ ማን መጣ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ።

ለምን በዕጣ? የበርበሬ ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጆንያ ሲገዛ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ ከመሃልም ከታችም ዘግኖ ያያል። ሻጩ ከላይ ያሳመረውን ብቻ የሚያይ ይከስራል። ተመራማሪም ለመኪና የሚመቹትን፣ ከመንገድ ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ብቻ ቢመርጥ ጤናማውን አገር አይቶ ይመለሳል። ዕጣው የሱን ምርጫ ከእጁ ይነጥቀዋል።

በገጠር ሰው ሲሞት ሐኪም ሳያየው የሚሞተው ብዙ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከቀብሩና ከለቅሶው በኋላ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ትኩሳት ነበረው? ሳል? ስንት ቀን ታመመ? የሞቱ ምክንያት ከዚያ መልስ ይገመታል። ከሕፃናቱ ሞት መካከል የመተንፈሻ አካላት ሕመምና ተቅማጥ ግንባር ቀደም ሆነው የታዩት በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት እናት «ልጅ አይቆጠርም» ብላ የሞተባትን ሕፃን ብትደብቅ፣ ያ ሕፃን ለሐኪሙም፣ በጀት ለሚመድበውም እንዳልተወለደ ይሆናል።

በዚያው በቡታጅራ የተሠራ አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ እኔን ኢማሙን አሸማቆኛል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ስለ ጫት 10,468 ጎልማሶችን ቤት ለቤት ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ከተጠያቂዎቹ 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ። ግማሹ በወቅቱ ጫት ይቅም ነበር። ከሚቅሙትም 17.4 በመቶው በየቀኑ። ለምን ትቅማላችሁ ሲባሉ ከቃሚዎቹ 80 በመቶው ምን አሉ? በጸሎት ላይ ሐሳባችን እንዲሰበሰብ።

እኔ ሚንበር ላይ ወጥቼ ስለ ጫት ስናገር የምወቅሰው ሥራ ፈት ወጣቶችን ነበር። ጉዳዩ ያለው ከኋላዬ ባለው ሰፍ ውስጥ ነው ለካ! ኹጥባዬን ለመቀየር ተገደድኩ። ጥናቱ ጫት ሐላል ነው ወይም ሐራም ነው አላለም፤ እሱ የተመራማሪ ሥራ አይደለም፣ የዑለማ ነው። ጫት ሐሳብ ይሰበስባል ወይም ይበትናል ብሎም አልለካም። የነገረን ሰዎቹ ያሉትን ነው። «ለጨዋታ ነው» ማለት አፍሮ «ለጸሎት ነው» ያለም ሊኖር ይችላል። አጥኚዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው አንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ አኳኋን የሚጠይቁት፤ እኛ ግን «ምን ደጋገመው?» ብለን እንቆጣለን።

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴን ልናገር። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ዕቁብ መጠይቅ ይዤ በመርካቶ ሱቆች እንድዞር ታዘዝኩ። ሃያ ነጋዴ መጠየቅ ነበረብኝ። አሥራ ሦስቱ መለሱልኝ። ሰባቱ የግብር ሰው መስያቸው አባረሩኝ። ፀሐዩ ከረረ፣ ማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ሻይ ቤት ገብቼ የሰባቱን ወረቀት በገዛ እጄ ሞላሁት። መድረሳ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ዋሽቶ የተገኘን ዘጋቢ የሐዲስ ዑለማዎች እንዴት እንደሚጥሉት የተማርኩ ሰው ነኝ። ያንን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።

መምህሬ ወረቀቶቹን አገላበጡና ሰባቱን ለይተው አወጡ። «እነዚህ ሰባት ሰዎች ሁሉም እሑድ ነው የሚሰበሰቡት፣ ሁሉም ዳኛቸው አጎታቸው ነው?» አሉኝ። ሳላውቀው የአባቴን ዕቁብ ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አፈርኩ።

ስለዚህ በራችሁ ሲንኳኳ መጀመሪያ መታወቂያውንና የድጋፍ ደብዳቤውን ጠይቁ። ጥናቱ ለምን እንደሆነ፣ ስማችሁ ይጻፍ እንደሆነና ማን እንደሚያየው ያስረዳችሁ፤ ሥርዓት ያለው ጥናት ያለ ፈቃዳችሁ አይጀመርም። የማትፈልጉትን ጥያቄ «ይህን አልመልስም» ማለት ትችላላችሁ። ያ ውሸት አይደለም። ገና ሲጀመር «አልፈልግም» ብሎ መሸኘትም መብታችሁ ነው። የተናገራችሁት ግን እውነት ይሁን። ልጆቻችሁ ጠያቂ ሆነው ተቀጥረው እንደሆነም የሻይ ቤቱን ነገር ንገሯቸው።

መምህሬ ሰባት ባዶ ወረቀት ሰጥተው ወደ መርካቶ መለሱኝ። በሁለተኛው ዙር ሦስቱ ነጋዴዎች አስቀምጠው መለሱልኝ፤ ከሦስቱ እሑድ የሚሰበሰብ አንድም አልነበረም። አራቱ አሁንም እምቢ አሉኝ። መምህሬም «አራት ሰዎች ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብለህ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ።