ስልክን እጅ በእጅ ስለ መግዛትና በዱቤ ውል ስለ መውሰድ

የሉማሜና የአካባቢው ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን አጭዶ፥ ወቅቶ፥ ወደ ገበያ ሲያወጣ እጁ ላይ ገንዘብ ይገባል። የሞባይል ስልክ መግዛት የሚታሰበውም ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። አንዱ ሻጭ «ዋጋውን ከፍላችሁ ውሰዱ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ጥቂት አስቀድሙ፥ የቀረውን በየወሩ ትከፍላላችሁ» የሚል ውል ያቀርባል። ሁለተኛው ለጆሮ ይጥማል። ሆኖም ከመፈረም አስቀድሞ ሒሳቡን አብረን እንቁጠር።

አንድ ስልክ እጅ በእጅ 9,000 ብር ይሸጣል እንበል። (ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።) በውል ሲወሰድ 2,000 ብር ይቀደማል፤ ከዚያም በየወሩ 750 ብር ለ12 ወር ይከፈላል። የየወሩ ክፍያ ሲደመር 9,000 ብር ነው፤ ቅድሚያው ሲታከልበት 11,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ 2,000 ብሩ ስለ ጊዜው የተከፈለ ነው። ያበደረ ሰው ወለድ መጠየቁ አያስደንቅም፤ የሚጎዳው ገዢው ድምሩን ሳይጠይቅ የወሩን ቁጥር ብቻ ሰምቶ መፈረሙ ነው።

ከድምሩም ይበልጥ የሚያሠጋው የመክፈያው ጊዜ ነው። ደመወዝተኛ በየወሩ ይቀበላል፥ በየወሩ ይከፍላል። የእናንተ ገቢ ግን በመከር ወራት ነው። በጥር የተፈረመ ውል በግንቦትና በሰኔም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የማዳበሪያና የዘር ወጪ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል። ያን ጊዜ 750 ብር ለማግኘት ወይ በግ በርካሽ ይሸጣል፥ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል፥ ወይም ከማዳበሪያው ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት ከማሳው የሚቀረው ምርት የስልኩ ዋጋ አካል ነው፤ በውሉ ላይ ግን ተጽፎ አታገኙትም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው ስልኩን ከአገልግሎቱ ጋር በአንድ ውል ይወስዳል፤ የስልኩም ዋጋ ከየወሩ ሒሳብ ጋር ይከፈላል። በአገራችን አብዛኛው ሰው ስልኩን ለብቻው ገዝቶ ካርድ እንደ አቅሙ ይሞላል። ይህ ልማድ ለገበሬ ይስማማል፤ ገንዘብ ባነሰበት ወር ካርድ ሳይሞሉ ቢሰነብቱ ዕዳ አይመጣምና።

ደግሞስ የትኛው ስልክ ነው የሚያስፈልገው? በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር በድምፅ የሚሰማ ስለ ሆነ ለተራው ባለ በተን ስልክ የተመቸ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ቴሌብርም *127# ብሎ በዚያው ስልክ መጠቀም ይቻላል። «ተች» የሚባለውን የሚፈልግ ሰው ተራውን አሁን ገዝቶ ለሌላው እቁብ ቢገባ፥ እቁብ ወለድ የለውም።

ዱቤ የሚያዋጣው ሰውም አለ። በየሳምንቱ እህል የሚነግድ ወይም በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ ወኪል የሆነ ሰው ስልኩ ራሱ ዕዳውን ሊከፍልለት ይችላል። እርሱም ቢሆን ውሉን ያስነብብ። አንድ ወር ቢያልፍ ምን ይደረጋል? ስልኩ ይቆለፋልን? ቢሰረቅስ ዕዳው ይቀራልን? ቀድሞ ለከፈለ ይቀነሳልን? ክፍያው ከመከር በኋላ እንዲሆን ሻጩ ይስማማልን? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ፥ ስልኩ የሁለቱንም ሲም ካርድ መቀበሉን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስገብቶ መሞከር ነው።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ውሉን አንብባችሁ ድምሩን በወረቀት አሳዩአቸው፤ የየወሩንም ክፍያ ከማዳበሪያው ወራት ጋር አስተያዩላቸው። ሻጭ ደግፋችሁ አትናገሩ፤ ዋስም አትሁኑ። ገበሬው በእናንተ ቃል ከፈረመ በኋላ ቢከፋው፥ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዘር የምትሰጡትን ምክር አይሰማም።

እጅ በእጅም ሆነ በውል፥ ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቅ አለመውጣት ነው። *#06# ሲደወል የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር በደረሰኙ ላይ አጽፉና ቤት አኑሩት፤ ስልኩ ቢጠፋ ለፖሊስ የሚታየው እርሱ ነው።